የኛ ነው ወይስ የነሱ?

ቤታችን ውስጥ ስንት አውሮፕላን እንዳለ ብትጠይቁኝ መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሳሎን መደርደሪያው ላይ ባለቤቴ በሙጫና በመቀስ ሲታገል ያመሸባቸው ሞዴሎች ተደርድረዋል፤ ኤፍ-86 ሴበር፣ ኤፍ-5፣ ሚግ-21። ቅዳሜ ከሰዓት እንደሱው በአውሮፕላን ያበዱ ጓደኞቹ ይመጣሉ። እኔ ቡና አፈላለሁ፤ እነሱ በኦጋዴን ሰማይ ላይ ኤፍ-5 እንዴት ሚግን እንዳሸነፈ በእጃቸው እያሳዩ ይከራከራሉ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጃችን መሀላቸው ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ይሰማል። የማባዛት ሰንጠረዡን ገና አልያዘም፤ የአውሮፕላን ዓይነት ግን ከጅራቱ ቅርፅ ይለያል።

እንደምታውቁት እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ አንድን ነገር ሰው እንዲወደው አድርጎ ማቅረብ ነው። ጥሩ ጎኑን ታበራዋለህ፣ ሌላውን ጎን ጥላ ውስጥ ትተወዋለህ። ይህን ሙያዬን ባለፈው የልጄ ልደት ላይ አሳየሁ። ኬኩ የተዋጊ ጄት ቅርፅ ነበረው፤ ፊኛዎቹ የወታደር ልብስ ቀለም ነበራቸው። ልጆቹ «ድው! ድው!» እያሉ ፊኛ ሲያፈነዱ ዋሉ። እናቶቹ ሁሉ «ሐሳቡ ከየት መጣልሽ?» አሉኝ። ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ኩራቴ የቆየው ሐይቅ እስክንደርስ ነው።

አያቴ ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ዕድሜዋ 90 ደርሷል። ባለፈው ወር ልንጠይቃት ሄድን፤ እሷም «ልጁን እስጢፋኖስ ሳታሳልሙት አትመለሱም» አለች። ደግፈን ባጃጅ ላይ አሳፈርናትና ወደ ገዳሙ ወረድን።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ድሮ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ በቀጭን የብስ ከዳር የተያያዘ፣ በዛፍ የተሸፈነ ቦታ ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ከደብረ ዳሞ መጥተው ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ሴት ግን ወደ ውስጥ አትገባም። ስለዚህ እኔና አያቴ ከበሩ ወዲህ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ባለቤቴና ልጄ ለመግባት ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ልጄ ኤፍ-5ቱን ከእጁ አልለይም ብሎ ይዞት መጥቶ ነበር። አያቴ ተቀበለችው። ክንፉን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችና ጠየቀችው።

«ይኼ አሮፕላን የኛ ነው ወይስ የነሱ?»

«የኛ ነው እማማ! ኤፍ-5 ነው!»

«እንግዲያስ ደግ። ከላይ ሲመጣ ግን በምን ይለያል?»

ልጄ አባቱን አየ። አባቱ ይህን ሲጠየቅ የመጀመሪያው አይደለም፤ ደስ ብሎት መለሰ። «ክንፉ ላይ ባንዲራ አለ እማማ። በባንዲራው ይለያል።»

አያቴ አውሮፕላኑን ለልጁ መለሰችለት። «ባንዲራውን የሚያየው ቀና ያለ ሰው ነው ልጄ። እኛ መሬት ተደፍተን ነው የምናውቀው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «በሉ ግቡ፤ አባቶች እንዳይጠብቁ።»

እነሱ ገቡ። እኔና እሷ ቀረን። «ተደፍተን» ያለችው ማንን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስለ እናቷ ነበር።

አያቴ የተወለደችው በ1928 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ገና በእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። አባቷ ደሴ ላይ ከሰፈረው ጦር ጋር ነበር፤ እናቷም ስንቅ ልታደርስለት ከሐይቅ በእግሯ ደሴ ገብታለች። ኅዳር 26 ቀን ጠዋት አውሮፕላኖቹ መጡ። «ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝ እናቴ ሆዷን ያዘች። እኔን መያዟ ነው» አለች አያቴ። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ሐይቅ ተመለሰች። አባቷ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ወጣ። ማይጨው ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

ይህን ታሪክ 32 ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። አልጠየቅሁማ።

የደሴው ድብደባ በዓለም የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ካደረጉ ብዙም አልቆዩም ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ባለቤቴ ያ ፎቶ በስልኩ አለው። ስንት ጊዜ አሳይቶኛል። እኔም ሁልጊዜ ንጉሡንና መሣሪያውን አያለሁ እንጂ፣ በዚያች ደቂቃ ሌላው ሰው የት እንደነበረ አስቤ አላውቅም።

ማታ ቡና ላይ አያቴ ባለቤቴን ያዘችው። «አንተ አዋቂ ነህ። የኛዎቹ አሮፕላኖች ያን ቀን የት ነበሩ?»

ባለቤቴ ስለ አውሮፕላን ተጠይቆ ሲቸገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ጥቂት ነበሩ እማማ፤ ደርዘን ያህል ቢሆኑ ነው። አብዛኞቹ ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም። ደብዳቤ፣ መድኃኒትና ሰው ያመላልሱ ነበር። የጣሊያን ግን በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ።»

ከዚያ የሚወደውን ታሪክ ነገራት። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ በ1927 ዓ.ም. መጣ። «ብራውን ኮንዶር» ይሉታል። የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል እየመራ፣ ከጣሊያን አውሮፕላኖች እየተሸሸገ በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል በረረ። ጣሊያን ሲወጣም ተመልሶ መጣና ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1946 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

«የሰው አገር ልጅ?» አለች አያቴ። «ነፍሱን ይማር። እሱስ ቀና ብዬ ባየው ደስ ባለኝ።»

ስለ «ፀሐይ»ም ነገራት። ይህችን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋታል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው የንጉሡ አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በንጉሡ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች አነስተኛ አውሮፕላን ናት። ጣሊያን ማርካ ወሰደቻት። ሮም አጠገብ ባለ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ አሥርት ዓመታት ከኖረች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። እኔን ግን ስሟ የተሰጣት ልዕልት ይበልጥ ትነካኛለች። በስደት ዘመን ለንደን በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ አገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። የመጀመሪያዋ አገር በቀል አውሮፕላናችን የተሰየመችው ቁስል ለማጠብ በተማረች ሴት ስም ነው። ባለቤቴ ስለ ሞተሯ ሰባት ሲሊንደሮች ሲያወራ እኔ የማስበው ይህን ነው።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ልጃችን ከኋላ ወንበር ተኝቷል። ኮምቦልቻን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ባለቤቴን ጠየቅሁት። «በኢትዮጵያ ምድር ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ መጀመሪያ የተጣለው መቼ ነው? ጣሊያን ነው አይደል?»

ወዲያው አልመለሰም። ቆይቶ «አይደለም» አለኝ። «በኛ ነው። በራሳችን ላይ።»

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ-25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ። ከተማው በእልልታ ተቀበለው። ከሰባት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ያ አዲስ ነገር አንቺም ላይ ለጦርነት ዋለ። የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ ሸፍተው ነበር። አውሮፕላን መጀመሪያ ወረቀት በተነባቸው፤ የማዕከላዊውን መንግሥት አዋጅና የቤተ ክርስቲያንን ውግዘት። ቀጥሎ ቦምብ ጣለባቸው። በሕይወቱ አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ ጦር ነበር። ራስ ጉግሣ እዚያው ሞቱ። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ።

አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። መጋቢት 22። የማይጨው ጦርነትም የሆነው መጋቢት 22 ነው፤ በ1928 ዓ.ም.። ልክ በስድስት ዓመቱ። በአንደኛው መጋቢት 22 የኛ አውሮፕላን በኛው ሰው ላይ ነበር። በሁለተኛው መጋቢት 22 የጣሊያን አውሮፕላኖች በኛ ጦር ላይ። ከማይጨው ያፈገፈገውን ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ደርሰውበት ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ቅድመ አያቴ እንደ ሐይቅ ካለ ሰላማዊ ውኃ ዳር ተነሥቶ፣ ምናልባት በሌላ ሐይቅ ዳር ወድቋል። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጄኔቫ ቆመው ያሰሙት አቤቱታ ይህንን ነው፤ መርዙ ሰውን ብቻ ሳይሆን ከብቱን፣ ግጦሹን፣ ወንዙንና ሐይቁን እንዳገኘው።

«ይኼን ለምን ለልጁ አትነግረውም?» አልኩት ባለቤቴን። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስታወሩ አንድም ቀን አንቺምን ስታነሱ አልሰማሁም።»

«ደስ አይልማ» አለ።

በእሱ ልፈርድ አልችልም። እኔ በየቀኑ ቢሮ የምሠራው ሥራ ነው፤ ደስ የሚለውን ጎን ማብራት።

እንዳትሳሳቱ፤ ደስ የሚለው ጎን ውሸት አይደለም። አብራሪዎቻችን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኤፍ-86 ጄቶች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘምተዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርረን ሰማዩን ያስከበሩት እነሱ ናቸው። የለገሠ ተፈራን ስም ያልሰማ የአውሮፕላን ወዳጅ የለም። በርካታ የጠላት አውሮፕላን ከጣለ በኋላ ተመትቶ ተማረከ፤ ሶማሊያ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ታስሮ በ1980 ዓ.ም. ተመለሰ፤ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸለመ። ይህን ለልጄ ስነግረው ድምፄ ይሰብራል። ሊሰብርም ይገባል። ግን በዚያው በ1980 ዓ.ም.፣ ሰኔ 15 ቀን፣ ሐውዜን ላይ በገበያ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ቦምብ የጣሉትም የራሳችን መንግሥት አውሮፕላኖች ናቸው። ክንፋቸው ላይ ያው ባንዲራ ነበር። አያቴ «በምን ይለያል?» ስትል ይህን ሁሉ አንብባ አይደለም። ከእናቷ ሆድ ጀምራ ስለምታውቀው ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀርቻለሁ። ያን ማታ፣ ሦስተኛው ቡና ላይ፣ አያቴ ሌላም አውርታልን ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ክፉ ቀን። ወሎ ውስጥ ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ፣ ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰማዩ ላይ መመላለስ ጀመሩ። «እኔ መጀመሪያ ልጆቼን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁ» አለች። «ድምፁን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። ኋላ ጎረቤቴ መጣና ‹አብሽሪ፣ ውጪ፤ ይኼኛው እህል ነው የጫነው› አለኝ።»

ባለቤቴ ፊቱ በራ፤ አውሮፕላኖቹን ያውቃቸዋል። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ነበሩ፤ ለጦር ማጓጓዣ የተሠሩ። መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ ወደ መሬት ተጠግተው እየበረሩ የእህል ጆንያ ይጥሉ ነበር። የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖችና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ነበሩ። በዚያ ዘመን ምሥራቅና ምዕራብ እርስ በርስ ጦር ተማዘው ነበር፤ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ግን አብረው ጆንያ ጫኑ።

የራሳችን አየር መንገድ አጀማመርም ከዚህ አይርቅም። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የገዛቸው አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የወታደር ማጓጓዣ ሲ-47ቶች ናቸው። በመጋቢት 30 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረጉ። ወታደር ሲጭኑ የነበሩ አውሮፕላኖች መንገደኛና ዕቃ መጫን ያዙ። ዛሬ እኔና እናንተ በኩራት የምንሳፈርበት ድርጅት ከዚያ ነው የበቀለው።

አያቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ጣሊያንም የሰው አገር፣ እህል ያመጣውም የሰው አገር። የኛ ነው የነሱ ነው ብዬ ጠየቅሁ እንጂ፣ መጠየቅ የነበረብኝ ምን ጭኗል ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ መረቀችው።

ከተመለስን ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተቀየረ ነገር አለ። ሞዴሎቹ አልተነሱም፤ የባለቤቴን ልብ መስበር አልፈልግም፤ የሚነሱበትም ምክንያት የለም። ግን ከእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ካርድ አደረግን። ጽሑፉን የሚጽፈው ልጃችን ነው። ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ መቼ በረረ? ምን ጭኖ ነበር? ከሥሩ ማን ነበረ? የመጀመሪያውን አባቱ ይረዳዋል። ሁለተኛውን አብረው ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሱ መልስ የሚገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሽማግሌ ነው።

የአውሮፕላን ወይም የታንክ ፍቅር የያዘው ልጅ ላላችሁ ወላጆች የምመክረው ይህንኑ ነው። ፍቅሩን አትግደሉበት። ብረት አየር ላይ እንዲቆም ያደረገ የሰው ልጅ ብልሃት ሊደነቅ ይገባዋል፤ አገሩን ለመጠበቅ ነፍሱን የሰጠ አብራሪም እንዲሁ። ከአሻንጉሊቱ ጋር ግን አንድ ሰው ስጡት፤ ያ አውሮፕላን ሲያልፍ መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው። በቤተሰባችሁ ውስጥ አለ። ብዙዎቻችን ዘንድ ገና ሳይጠየቅ በሕይወት አለ። በተለይ በቅርብ ዓመታት ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ዘመድ ያላችሁ፣ ከአያት ድረስ መሄድ እንኳን አያስፈልጋችሁም። ከአጎት ልጅ መጀመር ትችላላችሁ።

ባለቤቴ ከገዳሙ ወጥቶ ከነገረኝ ነገሮች አንዱ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። እስጢፋኖስ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል አለው። በዚያ ወንጌል ላይ የጥንት አባቶች የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ጽፈውበታል። ቅርስ ጠባቂ የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው፤ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራል፣ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ አያስቀምጥም። የማርኬቲንግ ትምህርት ቤት ይህን አላስተማረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እነ ባለቤቴ እንደልማዳቸው ተሰብስበው ነበር። ክርክሩ ሞቆ ሳለ ልጄ የሠራውን ይዞ መጣ። በካርቶን የተሠራች፣ ክንፏ ትንሽ የዘመመ «ፀሐይ» ናት። ካርዱ ላይ «መቼ በረረች» ለሚለው 1928 ብሎ ጽፏል። «ምን ጭና ነበር» ለሚለው «ሁለት ሰው ብቻ»። «ከሥሯ ማን ነበረ» ለሚለው ግን ጽሑፍ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ሥሏል። ቀና ብላ እያየች ነው። ሁለቱም እጆቿ ሆዷ ላይ ናቸው።

ጓደኞቹ ዝም አሉ። አንደኛው ቆይቶ «ይቺ ማናት?» አለው።

«የእማማ እናት ናት» አለ ልጄ። «ይቺኛዋን አትፈራትም።»

ማታውኑ ለአያቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። መስማት ስለሚከብዳት ሁለቴ ደገምኩላት። ሳቀች። ከዚያ «ክንፏን አቃኑላት እንጂ፤ እንዳትወድቅ» አለችኝ።

ባለቤቴ አሁን ሙጫውን ይዞ ተቀምጧል። እናንተም ወሩን በደህና ያክርማችሁ።